ስምንት ጨዋታና ሁለት ቡጢ

ውድ ወንድሜ ዋልተር፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ብጀምር ደብዳቤውን እዚሁ ጋ ቀደህ እንደምትጥለው ስለማውቅ ሰላምታውን ትቼዋለሁ። የጠየቅኸኝን ግን አልረሳሁም። ልጅህ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ደውለህ፣ «ሌስ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አልከኝ። «ኦወንን ስትመታው ማን እንደሆነ አውቀህ ነበር ወይስ አላወቅህም?»

አፌን ልከፍት ስል፣ «በስልክ አትመልስልኝ» አልክ። «በስልክ መዋሸት ታውቅበታለህ። በእጅህ ጻፈውና ላክልኝ። አላወቅኸው ከሆነ ኦወን ራሱ ዓቃቤ ሕጓን አነጋግሮ ክሱ እንዲቀልልህ ይለምንልሃል፤ ልጄ እንዲህ ነው። እኔም ብሆን ወንድም አለኝ ማለቴን አልተውም።» አውቄው ከሆነ ምን እንደሚከተል ሳትነግረኝ ዘጋኸው። መንገርም አላስፈለገህም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሆን ነው። ወረቀት ይዤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፣ ብዕሩን አነሳለሁ፣ የሚወጣልኝ ግን ስለ ቡድናችን ስለ ስቶከርስ ብቻ ነው። አትቆጣ። በእኛ ቤት ሰው ከባድ ነገር መናገር ሲፈልግ በኳስ እንደሚጀምር አንተም ታውቃለህ። እማማ ማረፏን እንኳ የነገርኩህ የዚያን ሳምንት ውጤት ካወራሁልህ በኋላ ነበር። ዛሬ እሑድ ነው፤ ቡድናችን የዕረፍት ሳምንቱ ላይ ነው፤ እኔ ፍርድ ቤት የምቀርበው ሐሙስ ጠዋት ነው። የውድድር ዘመኑ ግማሽ ላይ ደርሰናል። ስምንት ተጫውተን ሦስት አሸነፍን፣ አምስት ተሸነፍን። ከዚያ ልጀምርና ወደ ጥያቄህ እደርሳለሁ።

የዘንድሮው ቡድናችን ጉልበት አለው፣ ጭንቅላት የለውም። ኳሷን በእጁ የሚያከፋፍለው ወርዋሪያችን ራስክ ክንዱ መድፍ ነው፤ ኳሷን ለማን እንደሚልክ የሚያስብበት ጊዜ ግን አያገኝም። ከፊቱ ቆመው ሊከልሉት የሚገባቸው አምስት ግዙፎች እንደ በሰበሰ አጥር ይረግፋሉ። በአራተኛው ጨዋታ ሰባት ጊዜ መሬት ላይ ሲደፉት ቆጥሬያለሁ። በሰባተኛው ሲነሳ በአራት እግሩ እየዳኸ ጥርሱን ሣሩ ውስጥ ይፈልግ ነበር። አሠልጣኛችን ሆልት ደግሞ አንድ እርምጃ ብቻ ሲቀረው ፈርቶ ኳሷን ለባላጋራ የሚያስረክብ ሰው ነው። ባለፈው ወር ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «በሂደቱ እናምናለን» ሲል መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተሳደብኩ።

ደስ የሚለኝ ቡን ነው። አታውቀውም፤ ባለፈው ዓመት የመጣ ተከላካይ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ የባላጋራችንን ሯጭ ከጎን መጥቶ ሲገጨው የራስ ቁሩ ተፈንቅሎ ሦስት ሜትር ተንከባለለ። ሯጩ በጀርባው ተዘረጋና ሁለት ክንዶቹ ወደ ሰማይ ተገትረው ቀሩ። ጣቶቹ እንኳ አይንቀሳቀሱም ነበር። ሰባ ሺህ ሰው በደስታ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ሼረል፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይዋ፣ የላም ደወሏን እያንቃጨለች «ቀስቅሰውና ድገምለት!» ትላለች። ቃሬዛው ሲመጣ ግን ሁላችንም ተነስተን አጨበጨብንለት። ደግ ሰዎች ነን።

እንግዲህ ስድስቱን ጨዋታ በዓይኔ አየሁ። የቀሩትን ሁለት በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ክለቡ ዕድሜ ልኬን በበሩ እንዳላልፍ ጽፎልኛል። ሃምሳ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አሁን ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም። ይህንን እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ።

በእግሩ የሚመታልን ልጅ ጥሩ ነው፤ ዘንድሮ የሳተው ሁለት ብቻ ነው። ሆኖም ኳሷ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ልታልፍ ወደ ላይ ስትነሳ አሁንም ድረስ ሆዴን ይቆርጠኛል። የሌላው ደጋፊ ሆድ የሚቆረጠው ለውጤቱ ነው። የእኔና የአንተ ለቆዳችን ነበር። የጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ሲጀመር እማማ ሰሃኖቹን ከጠረጴዛ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትቆልፍባቸው ትዝ ይልሃል? ጎረቤቶቻችን እንዴት ያለች ባለሙያ ናት ይሉ ነበር። አባባ ቡድኑ ሲያሸንፍ ያቅፈን ነበር፤ ሲሸነፍ ደግሞ አንደኛችንን ይመርጣል።

ያን እሑድ ልጽፍልህ ነው። አንተ አሥራ አራት፣ እኔ አሥራ አንድ። ሦስት ሰከንድ ቀርቶ በአንድ ነጥብ ተበልጠናል፤ ኳሷ ከምሰሶው ግራ አለፈች። እኔ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ዛሬም አላውቅም፤ ፍርሃት ይመስለኛል፣ ከጉሮሮዬ አምልጦኝ ወጣ። አባባ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«ማነው የሳቀው?»

ወደ ሁለታችን ዞረ።

«ማነው የሳቀው አልኩ!»

በጣቴ አንተን አሳየሁት። «እሱ ነው» አልኩ።

ቀበቶውን ፈታና የዘለበቱን ጫፍ ወደ ታች አደረገው። አንተ ግድግዳው ሥር ነበርክ፤ ቀኝ እጅህን አምስት ጣቶችህን ዘርግተህ ወደ ላይ አነሳህ፣ መኪና እንደሚያስቆም ሰው። መጀመሪያ ያገኘው እጅህን ነው። የሁለት ጣቶችህ መሰበር ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ፊትህ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ጀርባህ፣ እማማ ከወገቡ ተንጠልጥላ እየጮኸች። በመጨረሻ ደክሞት ተቀመጠና ውሃ ጠየቀ። ውሃውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። አንተ አንድም ቀን «የሳቀው ሌስ ነው» አላልክም። ሐኪም ቤት «ከደረጃ ወድቄ ነው» አልክ፣ ጣቶችህም ተጣምመው ቀሩ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህም ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ሄደህም የኖርከው በባላጋራችን ቡድን በማርሻልስ ከተማ፣ አባባ ከሰይጣን አስበልጦ በሚጠላቸው ሰዎች መሃል። ያኔ በጣም ሳቅሁ፤ ደግነቱ ብቻዬን ነበርኩ።

ያው አባባ ስታዲየም ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ይህን ለኦወን እንደነገርከው አሁን ሰምቻለሁ፤ ስለ ቤታችን ለልጅህ ያወራኸው ብቸኛ ጥሩ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም። የባላጋራ ልብስ ለብሶ በረድፋችን የሚቀመጥ ሰው ካለ ከረድፉ በዕድሜ የሚበልጠው ተነስቶ ቢራ ይሰጠዋል። እንግዳው ቆሞ ይጠጣዋል፤ ረድፉ በሙሉ እናቱን፣ ከተማውን፣ ጫማውን ሳይቀር እየሰደበ። ጠጥቶ ሲጨርስ ስድቡ ያልቃል፣ ሰውየውም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የእኛ እንግዳ ነው። ሊነካው የሚሞክር ሰካራም ቢመጣ ረድፉ በሙሉ ይነሳበታል። ሥርዓቱን ያመጣው አባባ ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ ቢራውን የምሰጠው እኔ ነኝ።

አባባ ሲሞት ሁለቱን ወንበሮች አንድ አንድ አድርጎ ለሁለታችን ተወልን። አንተ ቀብሩ ላይም አልመጣህም፣ ወንበርህ ላይም አልተቀመጥክም። ሃያ ስድስት ዓመት ጃኬቴን አስቀምጬበታለሁ። «ይቺ ወንበር የማን ናት?» ሲሉኝ «የወንድሜ ናት፣ መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ያምኑኝ ነበር። በኋላ የረድፉ ቀልድ ሆነች፤ የሆነ ሰው ሽንት ቤት ሄዶ ሲዘገይ «እንደ ሌስ ወንድም ቀረ» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አላሳቀኝም።

ወደ ስድስተኛው ጨዋታ ደርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ማምለጫ የለኝም።

ከማርሻልስ ጋር ነበር። ከማለዳ ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበርን፤ ትልቁ ዱዌይን፣ የአውቶቡስ መካኒኩ፣ ከመኪናው ኋላ የጎድን ሥጋ ይጠብሳል፣ እኛ እንጠጣለን። ሰባት ሰዓት ላይ ጨዋታው ሲጀመር ስድስት ቢራና ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ ሆዴ ውስጥ ነበር። ሰክረህ ነበር እንዳትለኝ፤ ከዚያ በላይ ጠጥቼ ሥራ ገብቼ ማሞቂያ ጠግኜ አውቃለሁ። ሁለተኛው ሩብ ላይ አሥራ ሰባት ለዜሮ እየተመራን ነው። በእኛ በቀይ ለባሾቹ መሃል አንድ አረንጓዴ የማርሻልስ ልብስ የለበሰ ወጣት በደረጃው ወርዶ መጣ፣ ጃኬቴን ከወንበርህ ላይ አነሳ፣ በሥርዓት አጥፎ ጭኔ ላይ አኖረልኝና ተቀመጠ። ጥርሱ በሙሉ ይታያል።

«ተነስ» አልኩት።

«የእኔ ወንበር ነች።» ስልኩን አሳየኝ። ቲኬቱ ላይ ያንተ ስም ተጽፏል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከባለቤቱ።»

የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ የአባቴን ወንበር ለማርሻልስ ሸጠው። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩለትን ወንበር። ደሜ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ከኋላ ሼረል ደወሏን እየደወለች «ኧረ ሌስ፣ እንግዳ መጣልህ! ቢራውን አውጣለት፣ እኛ ምላሳችንን ስለናል!» ትላለች። ዱዌይንም «አንተ ልጅ፣ እናትህ ቤት ውስጥ ሌላ ልብስ አጣችልህ?» ብሎ ጀምሮታል። ሁሉም እየሳቀ ነው። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየ እጁን ዘረጋና፣ «ቢራዬን አትሰጠኝም እንዴ?» አለኝ።

ቢራውን አልሰጠሁትም። ተነስቼ አፉን መታሁት። ከንፈሩ ተተረተረ፣ በሁለቱ ረድፎች መሃል ወደቀ፣ ጭንቅላቱ የደረጃው ስሚንቶ ጠርዝ ላይ አረፈ። ጃኬቴ ላይ ደም ነበር። ልክ በዚያች ሰከንድ ታች ሜዳው ላይ ቡን የማርሻልስን ኳስ ከአየር ላይ ቀምቶ እስከ መስመሩ ድረስ ሮጠ፤ ስታዲየሙ ፈነዳ። ሰባ ሺህ ሰው ዘሎ ተነሳ፣ ረድፋችንም ፊቱን ወደ ሜዳ አዞረ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሁለተኛ መታሁት። ሲመለሱ ያዩት ይህንን ነው፤ እኔ ጉልበቴ ደረቱ ላይ ነው፣ እሱ ግራ ዓይኑ ከፊቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሼረል ነች መጀመሪያ የጮኸችው። ዱዌይን በአንገቴ ይዞ አነሳኝ፣ «ገደልከው አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ?» እያለ።

ፖሊሶቹ ከኪሱ መታወቂያ አውጥተው ስሙን ሲያነቡ እኔ እጄ ታስሮ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ኦወን ክሮል» አለ አንደኛው፣ ከዚያ የእኔን መታወቂያ አየና፣ «ትዛመዳላችሁ እንዴ?» አለኝ። «የወንድሜ ልጅ ስም ነው» አልኩ። ዱዌይን እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ። ሁሉም ሰው ያኔ ያወቅሁ መሰለው። ሼረል አለቀሰችልኝ። «ምስኪን ሌስ፣ አላወቀውም እኮ» እያለች ለፖሊሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነገረችው።

ዱዌይን ባለፈው ቅዳሜ ከረድፉ ሰዎች ጋር ቤቴ መጥቶ ነበር። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሳሎን ቆሙ። «ተነጋግረን ጨርሰናል» አለኝ ዱዌይን። «ስምንታችንም እንምላለን። መጀመሪያ የገፋህ እሱ ነው።»

«አልገፋኝም።»

«ሌስ፣ አትጃጃል። ጠበቃህ ምን አለችህ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል አለች።»

«ስማ እንግዲህ። በስድሳ ዓመትህ ጫፍ ላይ እስር ቤት ገብተህ ልትሞት ነው? ልጁስ ራሱ ላንተ ያዝን የለ እንዴ? ቃሉን ስጥ ሲሉት ‹የሰማኝ አይመስለኝም› ነው ያለው።»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ፤ ስሙን ነግሮህ ነበር መሰለኝ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማን ማንን ይሰማል? እኔ አጠገብህ ሆኜ የራሴን ድምፅ አልሰማሁም!»

ቡና እንኳ ሳላቀርብላቸው ሸኘኋቸው። እውነቱን ነው፤ ያን ሰዓት ሰው አፉን ጆሮህ ላይ ቢለጥፍ አትሰማውም። አልሰማሁም ብል በዚህ ምድር ላይ የሚያስተባብለኝ ሰው የለም። ኦወንም፣ ፖሊሱም፣ ካሜራውም። ጠበቃዬ ብሬንዳ የሐኪሙን ወረቀት ስታነብልኝ ደግሞ የመጀመሪያው ቡጢ ያደረሰው የከንፈር መቀደድና የራስ እብጠት ነው ይላል። ዓይኑን የያዘውን አጥንት የሰበረው፣ ዓይኑን ያጠፋው ሁለተኛው ነው። «ስለዚህ» አለችኝ ብሬንዳ፣ «ጥያቄው በሁለቱ ቡጢዎች መሃል ምን ያውቁ ነበር የሚል ነው፤ ምንም አላውቅም ነበር ብለው ነግረውኛል።» አዎ፣ እንዲያ ብዬ ነግሬያታለሁ።

ለአንተ ግን በእጄ ጻፈው ብለኸኛል።

ወድቆ ሳለ ደም እየተፋ ቀና አለ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ። «አጎቴ ሌስ» አለኝ፣ «እኔ ነኝ፣ ኦወን። የዋልተር ልጅ።» ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት እንደሰማሁት አላውቅም፤ ግን ቃል በቃል ነው የሰማሁት። ባልሰማውም ኖሮ አገጩን አይቻለሁ፤ ያንተ አገጭ ነው። የተነሳውንም እጅ አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አወቅሁ፣ ለምን እንደመጣ ገባኝ፣ ቢራውን ለምን እንደጠየቀኝም ገባኝ። አንተ ስለ ሥርዓታችን ነግረኸው፣ አጎቱ ቢራ እንዲሰጠው ብሎ ሆን ብሎ አረንጓዴ ለብሶ የመጣ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ አወቅሁ፣ ጊዜም ነበረኝ። ክንዴ አየር ላይ ነበር፤ ላወርደው እችል ነበር። አልቸኮልኩም።

ከዚያ መታሁት። እጁን ወደ ጎን ገፍቼ ዓይኑን መታሁት።

የሚከተለውን ለማንም አልተናገርኩም፣ ሐሙስ ግን እናገራለሁ። ያን እጅ ተነስቶ ሳየው ደስ አለኝ ዋልተር። ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ ወንበር ትተህልኝ፣ ከዚያም በፊት ከአባባ ጋር ብቻዬን ትተኸኝ ሄደህ፣ በስተመጨረሻ የአንተን እጅ ከታቼ አገኘሁት። አባባ የሚሰማው ይህ ነው ለካ አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ለእሱ ምክንያት ስፈልግለት ኖሬያለሁ፤ ድካሙ ነው፣ መጠጡ ነው፣ ፋብሪካው ውስጥ እቶን ፊት ሲቃጠል መዋሉ ነው፣ ሲመታን ራሱን አያውቅም እያልኩ። ያውቅ ነበር። ማን እንደሆንን ጠፍቶት አያውቅም።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። የመጀመሪያውን ስመታው አላወቅሁትም፤ ሁለተኛውን ስመታው አውቄዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዱዌይን ጋ ደውዬ ማንም እንዳይምልልኝ ነገርኩት። መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ከዚያ «ምን አድርገህ ነው ሌስ?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው፤ አብረን የተቀመጥን ሠላሳ ዓመታችን ነበር። ለብሬንዳ ነገ እነግራታለሁ። ሐሙስ ዳኛዋ ስትጠይቀኝ ይህንኑ እንደጻፍኩልህ እላለሁ። ኦወን ዓቃቤ ሕጓን እንዳይለምንልኝ ደብዳቤው ቀድሞ እንዲደርስህ ስለምፈልግ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። ያን እሑድ የሳቀውም እኔ ነበርኩ፤ አንተ ድሮም ታውቀዋለህ፣ እኔ ግን ብዬህ አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር የምትለኝበትን መንገድ በስልክ ሰጥተኸኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በውሸት ልቀበልህ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጅህ። ኦወን የሰጠውን ቃል ብሬንዳ እስከ መጨረሻው አንብባልኛለች። መጨረሻው ላይ «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ያን ልብስ ለብሼ መሄድ አልነበረብኝም» ይላል። በሃያ አራት ዓመቱ፣ ሚስቱ ልትወልድ ወር ሲቀራት፣ በአንድ ዓይኑ ጣሪያውን እያየ ተኝቶ የሚያስበው ይህንን ነው። እኔም ባልስቅ ኖሮ እያልኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ውሸት ነው። ኳሷ ብትገባም፣ ማንም ባይስቅም፣ ያ ሰው ቀበቶውን የሚፈታበት ሌላ ነገር አያጣም ነበር። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ በልና ንገረው። ቀይ ለብሶ ቢመጣም እመታው ነበር በለው።

ሌስተር